ለሌለኝ መታጠቢያ ቤት ስገብር

ረጅም ነው፤ የቸኮለ ይለፈው። እኔ ግን ዛሬ ካልተነፈስኩ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ቤቴ ሁለት መታጠቢያ ቤት አለው። አንዱ መኝታ ቤታችን አጠገብ ነው። ሌላው ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ያለው፣ በሩ ከልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ጋር እየተጋጨ ግማሽ ብቻ የሚከፈተው ነው። በቃ፣ ሌላ የለም። የቤት ግብር መዝገቡ ግን «መታጠቢያ ቤት፦ 3» ይላል። ሦስተኛውን እኔ አይቼው አላውቅም። ባለቤቴም አላየችውም። ልጆቼ ጠዋት ጠዋት ወረፋ ላይ ሲጣሉ «አንተ ሦስተኛው ጋ ሂድ!» መባባል ጀምረዋል። ግብሩን ግን 5 ዓመት ከፍለንበታል።

ጥፋቱ የኔም ነው፣ አልክድም። የግምት ማስታወቂያው፣ ማለትም ግብር ቢሮው «ቤትህ ይህን ያህል ያወጣል» የሚልበት ወረቀት፣ በየዓመቱ ይመጣል። እኔ ደግሞ በየዓመቱ ከፍቼ ላይ ላዩን አይና መሳቢያ ውስጥ እወረውረዋለሁ። ለምን? ወረቀቱ ላይ በደማቁ «ይህ የክፍያ መጠየቂያ አይደለም» ተብሎ ተጽፏል። ክፍያ ካልሆነ ምን አስጨነቀኝ? ደግሞም የምከፍለው እኔ አይደለሁም፤ ማለቴ የምከፍለውስ እኔው ነኝ፣ ግን በባንኩ በኩል ነው። ባንኩ ከወር የቤት ብድር ክፍያዬ ላይ የግብሩን ድርሻ እየነጠለ ያስቀምጣል፤ ቀኑ ሲደርስ ራሱ ይከፍላል። ምቹ ነው። በጣም ምቹ ከመሆኑ የተነሳ ስንት እንደምገብር ብትጠይቁኝ አላውቅም ነበር።

ዘንድሮ ባንኩ ወርሃዊ ክፍያዬን ከፍ ሲያደርገው ነው የባነንኩት። ደወልኩ። «ወለዱ አልተነካም፤ የጨመረው ግብሩ ነው» አሉኝ። በንዴት ጦፌ ግብር ቢሮ ሄድኩ።

መስኮቱ ጋ ያለው ልጅ ጨዋ ነው። ስለሱ ክፉ አልናገርም። «ግብሩ በዛብኝ!» አልኩት። «በዛ የሚለው ምክንያት አይሆንም፣ ጋሼ» አለኝ ቀስ ብሎ። ቀጥሎ የነገረኝን ማንም ነግሮኝ አያውቅም። ግብር ማለት የቤቱ ግምት በተመኑ፣ ማለትም ከግምቱ ላይ በሚታሰበው ድርሻ፣ ሲባዛ የሚወጣው ነው። ተመኑን የሚያወጣው በጀት የሚያጸድቀው ምክር ቤት ነው። በሱ ከተናደድክ ስብሰባ ሄደህ ጩህ፣ ወይ በምርጫ ድምፅህን ንፈግ። ይግባኝ የሚባለው በግምቱ ላይ ነው። ቤትህ ይህን ያህል አያወጣም፣ ወይም እኩያህ የሆነው ቤት ባነሰ ተገምቷል፣ ወይም መዝገቡ ስህተት አለው ብለህ ነው የምትከራከረው። ኑሮ ተወደደ፣ ደሞዝ አልጨመረም፣ መንገዱ አልተጠገነም... እሱ ሁሉ እውነት ነው። ግን ለይግባኝ አይሆንም።

«እሺ፣ በግምቱ ላይ ይግባኝ እላለሁ» አልኩ።

«ጊዜው አልፏል።»

ይኼን ስሙኝ እስቲ። ቀኑ የሚቆጠረው ያ «ክፍያ አይደለም» የሚለው ወረቀት ከተላከበት ቀን ነው! ሰው የሚናደደው መች ነው? ሒሳቡ ሲመጣ ነው። ሒሳቡ የሚመጣው ደግሞ ከወራት በኋላ፣ የይግባኙ በር ከተዘጋ በኋላ ነው። ማንቂያው የመጣልህ ግድ በማይሰጥህ ሰዓት፣ በማያስፈራ ወረቀት፣ «አትጨነቅ፣ ክፍያ አይደለም» ከሚል ቃል ጋር ነው። አውቀው አደረጉት አልልም። ግን አውቀው ቢያደርጉት ከዚህ የተሻለ አይሠሩትም ነበር።

ልጁ አዘነልኝ መሰለኝ የቤቴን መዝገብ አትሞ ሰጠኝ። አንድ ገጽ ናት። የይዞታ ቁጥር፣ የተሠራበት ዓመት፣ ስፋት፣ የጣሪያ ዓይነት፣ የክፍል ብዛት። እዚያው ቆሜ ሳነብ ነው «3» ላይ የደረስኩት።

«ይኼ ስህተት ነው። ሁለት ነው ያለኝ።»

«ሲስተሙ ላይ ያለው ሦስት ነው።»

«ቤቴ ውስጥ ያለው ሁለት ነው!»

«ገባኝ፣ ጋሼ። ሲስተሙ ላይ ግን ሦስት ነው።»

እኔ የሆነ ሰው በየዓመቱ መጥቶ ቤቴን አይቶ የሚገምት ይመስለኝ ነበር። ማንም አይመጣም። ኮምፒውተሩ በአካባቢው የተሸጡትን ቤቶች ይወስድና ስፋቱን፣ ዕድሜውን፣ የክፍሉን ብዛት እያየ በሺዎች የሚቆጠሩ ቤቶችን በአንድ ጊዜ ይገምታል። ሌላ መንገድ የላቸውም፤ ይገባኛል። ግን አንዴ የገባች የተሳሳተች ቁጥር ማንም ካልነካት ዕድሜ ልኳን እዚያው ትኖራለች ማለት ነው።

ድሮ እንግሊዝ አገር በምድጃ ቁጥር የሚከፈል ግብር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1662 የተጀመረ። ቆጣሪው ምድጃ ሊቆጥር ሰው ቤት ዘልቆ ይገባ ስለነበር ሕዝቡ አምርሮ ጠላው፤ በ1689 ቀረ። በ1696 ደግሞ በመስኮት ቁጥር አደረጉት። መስኮት ከውጭ ይቆጠራላ! ሰዉም መስኮቱን በጡብ ይደፍን ጀመር፤ እስከ 1851 እንዲሁ ቀጠለ። ሳነበው ሳቄ መጣ። እነሱ ያላቸውን እየደፈኑ ከግብር ያመልጣሉ፣ እኔ የሌለኝን ምን ልድፈነው?

ሦስተኛው መታጠቢያ ቤት ከየት እንደመጣ በኋላ ተገኘ። ቤቱን የሸጡልን ሽማግሌ ከዓመታት በፊት ተጨማሪ መታጠቢያ ቤት ለመሥራት የግንባታ ፈቃድ አውጥተው ነበር። አልሠሩትም። ፈቃዱ ግን መዝገብ ላይ ገባ። ተሠራ አልተሠራ ብሎ ያጣራ የለም።

የሽማግሌው ነገር በዚህ አላበቃም። ቤቱን በገዛንበት ዓመት ግብሩ ዝቅተኛ ነበር። ደስ ብሎን በጀታችንን በሱ ሠራን። ለካ ያ ቅናሽ የሳቸው ነው! በዕድሜያቸው ያገኙት ነበር፤ ዓመቱ እስኪያልቅ ቤቱ ላይ ቆይቶ ተነሳ። በቀጣዩ ዓመት ሒሳቡ ሲዘል «ግብር ጨመሩ» ብለን አማን፤ የጨመረ አልነበረም። ቤት ልትገዙ ያሰባችሁ፣ የሻጩን የግብር ሒሳብ አይታችሁ «ይኼን ያህል ነው የምከፍለው» እንዳትሉ። የሳቸው ዕድሜ ከቤቱ ጋር አይሸጥም።

የራሳችን የሆነውን ቅናሽ ደግሞ አልጠየቅንም ነበር። ብዙ ቦታ ባለቤቱ ራሱ ለሚኖርበት ቤት፣ ለአዛውንት፣ ለአካል ጉዳተኛ፣ ለቀድሞ ወታደር ቅናሽ አለ። በራሱ አይመጣም እንጂ። ፎርም ሞልተህ፣ ማስረጃ አያይዘህ፣ በቀኑ ካላስገባህ የለም። ቤቱ ውስጥ እንደምኖር ያውቃሉ፤ ያንን ወረቀት የሚልኩት እኮ እዚያው ቤት ነው! ግን ካልጠየቅኩ አልኖርም።

ጎረቤታችን እማማ ዕድሜያቸው ሰባ ስምንት ነው። ፎርሙን ይዤላቸው ስሄድ «ልጄ፣ ይኼ ለደሃ ነው፣ እኔ አልለምንም» አሉኝ። መብት ነው፣ ልመና አይደለም ብዬ ግማሽ ቀን ተከራከርኩ። አሁንም ጠረጴዛቸው ላይ ነው፤ ላዩ ላይ መነጽራቸውን አስቀምጠውበታል።

ወደኔ ልመለስ። የመዝገብ ስህተት ከይግባኙ ሌላ የራሱ መንገድም አለው ተባልኩ፤ የማረሚያ ጥያቄ አስገባሁ። እስኪታይ ድረስ ግን ሒሳቡ በቀኑ ይከፈላል፤ ካልከፈልክ ቅጣትና ወለድ ይመጣብሃል፣ ትክክል ብትሆንም። ከፈልኩ። ከዚያ መርማሪ መጣ። ትሁት ሰው፣ ጫማው ላይ ፕላስቲክ አጥልቆ ገባ። በር በር እየከፈተ ቆጠረ። የልብስ ቁም ሳጥኑንም ከፈተው። ኮሪደሩ ጫፍ ሲደርስ በሩ እንደልማዱ ከማሽኑ ጋር ተጋጨ፤ በጎኑ ገብቶ «ሁለት» ብሎ ጻፈ። ታናሹ ልጄ ከኋላ እየተከተለው «ሦስተኛውን አገኘኸው?» ይለዋል።

ደብዳቤው ባለፈው ሳምንት መጣ። ከዘንድሮ ጀምሮ ሁለት ተብሎ ተስተካክሏል። ላለፉት ዓመታትስ? ባለፉት ዓመታትም ሦስተኛው እንዳልነበረ ማስረጃ ያቅርቡ ይላል።

አስቡት። የዛሬ 5 ዓመት ያልነበረን ነገር ፎቶ! ሌሊቱን ስልኬ ውስጥ ስቆፍር አደርኩ። በመጨረሻ ባለቤቴ አገኘችው። ታናሹ ልጃችን መራመድ የጀመረ ቀን የቀረጸችው ቪዲዮ ነው። ልጁ እየተንገዳገደ በኮሪደሩ ይመጣል፤ ከኋላው ፈቃዱ ላይ መታጠቢያ ቤት የተባለው ቦታ ባዶ ግድግዳ ሆኖ ይታያል። እኔ ከጀርባ «ና ና ና!» እያልኩ እጮሃለሁ።

ሰኞ አስገባዋለሁ። ከነድምፁ።