ማስተካከያ፦ ቀብድ የሚመለሰው እጥፍ ሆኖ ነው

ባለፈው ሳምንት ስለ ውል ማፍረስ ስጽፍ፣ ገላን ያለ ብሎኬት አምራች ከውሉ ቢያፈገፍግ የተቀበለውን ቀብድ መልሶ ይገላገላል ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1885 እንደሚለው፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ ተቀባይ ውሉን ሲያፈርስ እጥፉን ይመልሳል። 50 ሺህ ብር ከተቀበለ 100 ሺህ መሆኑ ነው። ሰጪው ካፈረሰ ደግሞ ቀብዱ ይቀርበታል። የሰፈራችን ደላሎች ይህን ከእኔ በላይ ያውቁታል፤ አንዱ ደውሎ ሳቀብኝ። ልብ በሉ፣ ቅድሚያ ክፍያ ሁሉ ቀብድ አይደለም። ውሉ ላይ ምን ተብሎ እንደተጻፈ እዩ።

«ዕቃው ከዘገየ ወዲያው አፍርሱ» ያልኩትም ልክ አልነበረም። በቁጥር 1772 መሠረት፣ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ መስጠት ግድ ነው።