ምስጋና ለድንኳን ውስጥ ማንደጃ

ደሴ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ምን ያህል እንደምትበርድ ለደሴ ሰው ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው። ኮምቦልቻ በሸሚዝ የዋለ መንገደኛ ወደ ደሴ የሚያደርሰውን የሐረጎን ዳገት ሲወጣ ሹራቡን የሚፈልገው በከንቱ አይደለም፤ ከተሞቹ ጎረቤታሞች ቢሆኑም በከፍታ ከ500 ሜትር በላይ ይለያያሉ፤ ከደሴም በላይ ደግሞ ጦሳ አለ። ሰማዩ ያለ ደመና ጠርቶ በሚያድርበት በዚህ ወቅት ምድር ቀን የሰበሰበችውን ሙቀት ሌሊት ስለምትለቅ፣ ተራራው ላይ በድንኳን የሚያድር ሰው ከውርጭ ጋር መፋጠጡ አይቀርም።

ባለፈው ኅዳር አምስት ወጣቶች ጋብዘውኝ ጦሳ ላይ አብሬያቸው አድሬ ነበርና፣ ይህን ውርጭ ድል የነሡበትን ጥበብ በቅርብ ለማየት በቅቻለሁ። መጀመሪያ የድንኳኑ ዚፕ እስከ ጥጉ ተዘጋ። ቀጥሎ፣ ከላይ በኩል ለአየር መተላለፊያ ተብላ የተሰፋችው መረብ በፎጣ ተወተፈች፤ ድንኳኑን የሠራው ባለሙያ «ነፋስ መታኝ» የሚባል ነገር መኖሩን ሳይሰማ እንዳልቀረ ሁላችንም ተስማማን። በመጨረሻም ውጭ ሲራገብ የቆየው የከሰል ማንደጃ፣ ፍሙ ቀይ ሆኖ ሲያበራ፣ እንደ ሙሽራ ታጅቦ ገባ።

ጥቂት ብፈራ አንደኛው ትከሻዬን መታ አደረገና «አብሽር ጋሼ፣ ጭሱ አልቋል» አለኝ። ሐኪሞች ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው መርዘኛ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፣ ጭሱ ካለቀለት ፍምም ይወጣል፣ በደም ውስጥ ኦክስጅን ከሚሸከመው ሄሞግሎቢን ጋር ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ኃይል ይጣበቃል እያሉ ይደክማሉ። የእኛ ወጣቶች ግን በአፍንጫቸው አሽትተው ምንም እንደሌለ አረጋገጡ። የማይሸት ነገር እንዳይሸታቸውም ዕጣን ጣል አደረጉበት። አንዱ ጥንቁቅ ደግሞ መርዝ ካለ ይስበው ብሎ ውሃ የሞላ ጣሳ ከማንደጃው አጠገብ አኖረ፤ ጋዙ በውሃ ውስጥ እምብዛም የማይሟሟ መሆኑ የጣሳውን የዘበኝነት ክብር አልቀነሰውም።

ወጣቶቹ ይህን ጥበብ ከተራራ አላገኙትም፤ ከየቤታቸው የወረሱት ነው። በረካው ተጠጥቶ የቡና ዕቃው ሲነሣ፣ የተረፈው ፍም «ለምን ይባክናል» ተብሎ ወደ መኝታ ክፍል የማይገባበት፣ የበር ሥር ቀዳዳም በጨርቅ የማይደፈንበት ቤት በሰፈራችን ስንት ይሆን? በመስኮት ሽው የሚለውን ነፋስ እንደ ጠላት እንጠብቀዋለን፤ ተኝተን ሳለን ሳያነቃ የሚወስደውን ጋዝ ግን ራሳችን ተሸክመን አልጋ ሥር እናስቀምጠዋለን። እንዲህ ያለ እንግዳ ተቀባይነት ከወሎ ሰው በቀር ከማን ይጠበቃል?

ኋላ ቀር ሰዎች በሌላ መንገድ ይሞቃሉ። ከድንኳናችን በታች ከብት የሚጠብቅ አንድ ልጅ ደረቅ ሣር ወፈር አድርጎ አንጥፎ፣ ራሱን ሸፍኖ በበግ ጠጉር ባና ተጠቅልሎ ተኝቶ ነበር። ተኝቶ ያለን ሰው ከነፋሱ ይልቅ ከሥሩ ያለው መሬት ሙቀቱን እንደሚመጠው፣ የጥጥ ጋቢ ጤዛ ሲነካው እንደሚከዳና የበግ ጠጉር ግን ረጥቦም ጥቂት ሙቀት እንደሚይዝ ማን እንዳስተማረው አላውቅም። እኛ ባናውን ፎቶ ላይ አያምርም ብለን ከቤት ትተነው ስለመጣን በቀጭን ላስቲክ ላይ ተኝተናል።

እኩለ ሌሊት አካባቢ ራስ ምታቱ ጀመረ። አንዱ ምች ነው አለ፤ ሌላው የከፍታው አየር ነው አለ፤ ሦስተኛው ማታ የበላነውን ሥጋ ጠረጠረ። ሦስት ተጠርጣሪ ተቆጥሮ ማንደጃው ከመካከላቸው አለመኖሩ ለዕቃው ያለንን አክብሮት ያሳያል። በዚህ መሃል አራተኛው ወጣት እየተንገዳገደ ዚፑን ከፍቶ ወደ ውጭ ወጣና አስመለሰው፤ ሕይወታችንን ያተረፈው ያ የተከፈተ ዚፕ መሆኑን አሁን አውቃለሁ፤ ያን ጊዜ ግን ከውስጥ በአንድ ድምፅ «ዝጋው እንጂ፣ ነፋስ ይገባል!» ተባለ። እኔ ልደግፈው ብዬ ተከትዬው ወጣሁ፤ ሁለታችንም ሳንመለስ እረኛው ልጅ አጠገብ ተቀምጠን አነጋን።

ጠዋት የእረኛው እናት ዳማከሴ ጨምቀው ያስመለሰውን ወጣት አጠጡት፤ ምቹም ወዲያው ለቀቀው። ለጥር በታቀደው ጉዞ፣ የበረደን ማንደጃው ስላነሰ ነው ተብሎ ትልቅ እንዲያዝ ተወስኗል፤ ለእኔ የደረሰኝ ወፈር ያለ ፎጣ ማምጣት ነው።