ሃይላንድ ታቅፎ መሮጥ

ስንሮጥ ውሃ በሰዓት እንጠጣ ወይስ ሲጠማን ብቻ? ሁለት ሯጮች ተከራከሩበት። አንዱ የለገጣፎ ወጣት ነው፣ ሌላው ሱሉልታ የሚኖሩ የድሮ ሯጭ።

ወጣቱ፦
እኔ ሰዓት አይቼ ነው የምጠጣው፣ አላፍርበትም። ባለፈው ወር በሰንዳፋ አስፋልት 25 ኪሎ ሜትር ሮጥኩ። ረፋድ ላይ ነው የወጣሁት፤ መንገድ ዳር ሚዛን ይዞ የሚቀመጠው ልጅ ከ3 ሰዓት በፊት አይመጣማ። ስነሳ 62 ኪሎ ነበርኩ። ግማሽ ሊትር ውሃ መንገድ ላይ ጠጥቼ ስመለስ 60 ሆኜ ቁጭ። አንድ ሊትር ላብ አንድ ኪሎ ነው ብላችሁ ካሰባችሁት፣ ሁለት ሊትር ተኩል ከላዬ ሄዷል ማለት ነው። የአሜሪካ የስፖርት ሕክምና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው መመሪያ የመጠጣት ዓላማ ከክብደታችን 2 በመቶ በላይ እንዳናጣ መጠበቅ ነው ይላል። እኔ 3 አልፌያለሁ። የደም መጠን ሲቀንስ ልብ ለዚያው ሥራ ቶሎ ቶሎ ይመታል፣ ሰውነትም ይግላል። ስለዚህ በየ20 ደቂቃው ጥቂት ጥቂት ጉንጭ። በቃ።

ጋሼ፦
ልጄ፣ ጥፋትህ ሰዓቱ ላይ ነው። ለሚዛን ብለህ ፀሐይ ላይ ሮጠህ ውሃ አነሰኝ ትላለህ? እኛ 12 ሰዓት ላይ ወጥተን ፀሐይዋ ሳትከር ቤታችን ነን። የሱሉልታ ጠዋት ጆሮ ይቆርጣል፣ ውሃ ትዝ የሚለው ማን ነው? ማታ በሶዬን በጥብጬ እጠጣለሁ፣ ጠዋት አንድ ብርጭቆ ውሃ፣ ከዚያ ጥም ሲመጣ ብቻ። ደግሞ ያንተን 2 በመቶ ለሃይሌ ገብረሥላሴ ንገረው! እ.ኤ.አ. በ2009 የዱባይ ማራቶንን ሲያሸንፍ ከክብደቱ 10 በመቶ ገደማ አጥቶ እንደገባ ተለክቶ ተጽፏል። በአንተ ሂሳብ ቢሆን ገና መንገድ ላይ ይወድቅ ነበር።

መብዛቱም ይገድላል። እ.ኤ.አ. በ2002 ቦስተን ማራቶን ላይ የ488 ሯጮች ደም ሲመረመር 13 በመቶዎቹ የደማቸው ጨው (ሶዲየም) ከሚገባው በታች ወርዶ ተገኘ። በዚያው ውድድር አንዲት ወጣት ሞታለች። ውሃ ሲበዛ የደም ጨው ይቀጥናል፣ አንጎል ያብጣል። "ሳይጠማህ ጠጣ" የሚለው ምክር ያመጣው ጣጣ ነው።

ወጣቱ፦
ጋሼ፣ ሃይሌን ካመጡብኝማ ምን እላለሁ። ግን እሱም እየጠጣ ነው የሮጠው። ደግሞ አንድ ሃይሌ አጥቶ አሸነፈ ማለት እኔና እርስዎ እንችለዋለን ማለት አይደለም። የቦስተኑን አልክድም። ይበልጥ የተጋለጡት ግን ከ4 ሰዓት በላይ የቆዩና በሩጫው ክብደት ጨምረው የገቡት ናቸው። ሮጦ ክብደት መጨመር! እኔ ካላበኝ በላይ ልጠጣ አላልኩም፣ ሚዛን ላይ የምወጣውም ለዚሁ ነው።

ብርዱ ደግሞ ያታልላል። ሱሉልታ ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ነው፤ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ላቡ ልብስ ሳያርስ ይተናል፣ በየትንፋሹም ውሃ ይወጣል። የኮፍያዎ ጠርዝ ላይ የሚደርቀውን ነጭ ጨው አይተውት አያውቁም?

ጥምን ማመን ያሉት ነገር ላይ ደግሞ የደረሰብኝን ልንገርዎ። ጀማሪ እያለሁ አንድ አሰልጣኝ "ውሃ ሆድ ያከብዳል" ብሎን 30 ኪሎ ሜትር ያለ ጠብታ አስሮጠን። መጨረሻ ላይ የከዳኝ እግሬ አይደለም፣ ጭንቅላቴ ነው። አቅጣጫ ጠፍቶኝ መሀል አስፋልት ገባሁ፣ ሲኖትራክ ጥሩንባውን ሲያንባርቅብኝ ነው የነቃሁት። ጠምቶኝ ነበር ወይ? እውነቱን ለመናገር አላስታውስም።

ጋሼ፦
እሱ ጥም ማመን አይደለም፣ ክልከላ ነው። የጠማውን መከልከል እንስሳ ላይም አይደረግም። ሆድ ያከብዳል ያለው ግን ሙሉ በሙሉ አልዋሸም፤ ግማሽ ሊትር ባንዴ ከገለበጥክ ሆድህ እንደ እንስራ ይንቦጫቦጫል። እኔን የሚያናድደኝ ሌላ ነው፦ 40 ደቂቃ ሶምሶማ ለመሮጥ ሁለት ሊትር ታቅፎ የሚመጣው። ለእሱ ቤቱ ያለው ውሃ ይበቃዋል፣ ጨዉንም ምሳው ላይ ሽሮው ይመልስለታል። አዳማ ስወርድ እኔም እይዛለሁ፣ ሞኝ አይደለሁም።

የኮፍያዋን ነገር ግን አየኋት። ዛሬ አውልቄ ሳያት ጠርዟ ነጭ ነው፣ በዚህ ብርድ።

እሁድ 12 ሰዓት ላይ ሱሉልታ ና። የቤት ሚዛን ከልጄ እዋሳለሁ፣ ሁለታችንም ስንነሳና ስንመለስ እንመዘናለን። አንተ በሰዓትህ ጠጣ፣ እኔ በጥሜ። ካኒቴራህን ግን አውልቀህ ነው የምትመዘነው፤ ያን ቀን ላብ የጠጣ ካኒቴራ ለብሰህ ከሆነ ሚዛን ላይ የወጣኸው፣ 60 ያልከውም ልክ አይደለም።

ወጣቱ፦
ለብሼ ነበር። እመጣለሁ።