«ማን ነው ያለው?»

በጥር ማለዳ ደብረ ብርሃን ላይ ሻይ ቤት የሚገባ ሰው የሚፈልገው ሁለት ነገር ነው፤ ሙቀትና ክርክር። ጠባሴ ያለችው የእኛዋ ሻይ ቤት ሁለቱንም ታቀርባለች። ክርክሩን የሚያነዱት ጋሼ ናቸው። ስማቸውን አልጠራም፤ በየሻይ ቤቱ አንድ አንድ ስላሉ እናንተው ሙሉበት። ዛሬ የማመሰግነው እሳቸውን ነው። አያቶቻችን «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ፣ ዋስ እየጠሩ፣ ምስክር እያቆሙ አንዲት ነገር ለመለየት ስንት ቀን ያቃጥሉ ነበር። ጋሼ ግን የፖለቲካ ተንታኞችን ስድብ ሁሉ በሦስት ቃል ይዳኙታል፦ «ማን ነው ያለው?»

በቅርቡ የእሳቸው ወገን ተንታኝ ላይቭ ገብቶ ስለ አንዲት ሴት ፖለቲከኛ ባል ማጣትና ስለ ወገቧ እዚህ መጻፍ የማልደፍረውን ተናገረ። ጋሼ ሻያቸውን ፉት አሉና «ቅኔ ነው» አሉ። «ሰሙን ትታችሁ ወርቁን ያዙ።» እኔ ወርቁን ብቆፍር ብቆፍር ከወገቧ አላለፍኩም። ግን ከደሙ ንጹህ ነኝ አልልም፤ ሳላስበው ስቄያለሁ። ሻይ የምትቀዳልን ልጅ አልሳቀችም፤ ባዶ ብርጭቆዎቹን ሰብስባ ወደ ጓዳ ገባች።

በሳምንቱ ከወዲያኛው ወገን አንዱ ያንኑ ነገር፣ ወገቡም ሳይቀር፣ ስለ ሌላ ሴት ደገመው። ጋሼ ብርጭቆውን ሲያሳርፉት ማንኪያው ዘለለ። «ይሄ የእናቶቻችን ክብር ጉዳይ ነው!» ወዲያው አዋጅ 1185/2012ን ጠሩ። እንደ ውዳሴ ማርያም በቃላቸው ይዘውታል፦ በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በጾታ የሚሰነዘር የጥላቻ ንግግር እስከ ሁለት ዓመት እስር ወይም እስከ 100,000 ብር ያስቀጣል፤ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ከተሰራጨ እስሩ እስከ ሦስት ዓመት ይደርሳል።

«የእኛውስ ተንታኝ ከ5,000 በላይ ተከታይ የለውም?» አልኳቸው።

«ተከታይ ያለው የእነሱ ነው። የእኛ ሰው ያለው ሕዝብ ነው።»

ለእንዲህ ዓይነቱ የሕግ ትርጓሜ ነው እንግዲህ ባርኔጣ የሚነሳው። ማስረጃ አቀባበላቸውም ያስቀናል። የእኛን ሰው ሁለት ሰዓት ከሩብ የፈጀ ንግግር ከመግቢያው እስከ ስንብቱ ሳይሰሙ መፍረድ ኃጢአት ነው፤ «ቆርጠው ነው ያወጡት!» የእነሱን ሰው ለማወቅ ግን አሥራ አንድ ሰከንድ ከበቂ በላይ ነው። ሰውየው ሲያስነጥስ ቢቀረጽም ጋሼ ማንን እንዳስነጠሰበት ይነግሯችኋል።

ሰው ግን መታለል የሚወዱ እንዳይመስለው። ገበያ አብሬያቸው ወጥቼ አውቃለሁ። ነጋዴው ገብስ ሲገዛ የሚሰፍርበትና ሲሸጥ የሚሰፍርበት ጣሳ ለየቅል ነው፤ የመሸጫው ቂጥ ወደ ውስጥ ተደቁሷል። ጋሼ ጣሳውን ቀምተው ገለበጡት፣ በአውራ ጣታቸው ቂጡን ዳበሱት፣ ከዚያ ገበያው እስኪሰማ «በሁለት መስፈሪያ ትሰፍራለህ? እግዜርን አትፈራም?» አሉት። ሰውየው አፍሮ በደህናው ጣሳ ሰፈረላቸው። ገብሱን ተሸክመን ስንመለስ እስከ ቤት ድረስ ስለ ሐቀኝነት አስተማሩኝ። አዳመጥኩ፤ ምን አደርጋለሁ።

ይህን ጥበብ እኛ ብቻ የፈለሰፍነው አይደለም። በእኛ አቆጣጠር በ2004 ዓ.ም. አሜሪካ ውስጥ ራሽ ሊምቦ የተባለው የሬዲዮ ሰው፣ የጤና መድን የወሊድ መከላከያን ይሸፍን ብላ የተከራከረችን የሕግ ተማሪ ጋለሞታ ብሎ ሰደባት። ዴሞክራቶቹ ነደዱ፤ ማስታወቂያ አስነጋሪዎች ጥለውት ሄዱ፤ ይቅርታ ጠየቀ። ሪፐብሊካኖቹ በበኩላቸው «ቢል ማር የእኛዋን ፖለቲከኛ ሣራ ፔሊንን በዚያው ዓይነት ብልግና ሲሰድባት የት ነበራችሁ?» አሉ። ኮሜዲያኑ ቢል ማር ያን ሰሞን ኦባማን ለሚደግፍ የምርጫ ቡድን አንድ ሚሊዮን ዶላር ለግሶ ነበርና፣ የዚያኛው ሠፈር ጆሮ ለጊዜው ከበድ ብሎት ነበር። ታሪኩን ለጋሼ ስተርክላቸው በጥሞና ሰሙኝና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ።

«እኛ ከየትኞቹ ጋር ነን?»

ባለፈው ረቡዕ ግን ጉድ ሆነ። ልጅቷ ስልኳን ስኳር ዕቃው ላይ አስደግፋ አንድ ቪዲዮ ከፈተች። ምስሉ እምቢ አለ፤ ክቧ ብቻ ትሽከረከራለች። ድምፁ ግን ጥርት ብሎ መጣ፦ «እነዚህ እኮ ሰው አይደሉም፤ ጅብ ናቸው!» አለና ተቋረጠ።

የጋሼ ቅንድብ ለቁጣ ወደ ላይ ወጣ። ከንፈራቸው ደግሞ ለሳቅ ተከፍቶ እዚያው ቀረ።

«ማን ነው ያለው?»

«ኔትወርክ የለም፣ ጋሼ።»

«እነዚህ ያላቸውስ እነማንን ነው?»

«ከመሃል ነው የጀመረው።»

ጠረጴዛው ሁሉ የጋሼን ፊት ይጠብቃል። አንዱ ሊስቅ ትንፋሹን ስቦ ይዟል፤ ሌላው ጠረጴዛ ሊመታ እጁን አንስቷል። ጋሼ ጋቢያቸውን ወደ አገጫቸው ሳብ አደረጉ እንጂ ፊታቸውን አላንቀሳቀሱም። በእኛ አገር ብርድ ያልተጠጣ ሻይ ዕድሜው አጭር ነው፤ እንፋሎቱ ቀጠነ፣ ከዚያም ጠፋ። ሥራ ስለረፈደብኝ ሂሳቤን ከፍዬ ተነሳሁ። በር ላይ ደርሼ ዞር ስል ክቧ አሁንም ትዞራለች፤ የሰውየውም እጅ አልወረደም።