በስንት ገዛኸው?

ባለፈው ቅዳሜ ሁለት ኪሎ ቲማቲምና አንድ ኪሎ ሽንኩርት በፌስታል አንጠልጥዬ የኮንዶሚኒየማችንን ደረጃ ስወጣ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩት ጋሽ እገሌ ከበራቸው ብቅ አሉ። ስማቸውን የማልጠራው ገና ለብዙ ዓመት በአንድ ደረጃ የምንወጣና የምንወርድ ሰዎች ስለሆንን ነው። «ደህና አደርክ?» አላሉኝም። ዐይናቸውን ከፊቴ ወደ ፌስታሉ አወረዱና «ቲማቲሙን በስንት ገዛኸው?» አሉ። በ80 አልኳቸው። «ተበልተሃል!» አሉ፤ ፊታቸው በደስታ በራ። «እኔ በ50 ነው ያመጣሁት።» ይህን ብለው ገቡ።

ልብ በሉልኝ፤ ከደቂቃ በፊት አልከሰርኩም ነበር። ጉሊት ላይ ተከራክሬ፣ ትቼ ሄጄ፣ ተጠርቼ ተመልሼ፣ «እስቲ መርቂልኝ» ብዬ አንዲት ጎኗ የተጨፈለቀ ቲማቲም አስጨምሬ፣ ልቤ ሞልቶ ነበር የምመጣው። 60 ብሩን የከሰርኩት ደረጃው ላይ ነው። ነጋዴ የወሰደብኝን ገንዘብ እችለዋለሁ፤ ለምጄዋለሁም። ጎረቤት ከፍዬ ከጨረስኩ በኋላ የሚወስድብኝን ግን ከየትኛው የወር በጀት ላይ እንደምቀንሰው ይጨንቀኛል።

ደግሞ ለዚህ ጥያቄ ትክክለኛ መልስ የለውም። ውድ ዋጋ ከነገሩት «ተበልተሃል» ይላል። ርካሽ ከነገሩት ቲማቲሙን አንስቶ ከሥሩ ያገላብጥና «እንግዲያውስ ነገር አለበት» ይላል። እሱ ከገዛበት ጋር እኩል ከሆነ ደግሞ ትንሽ ያስብና «ሚዛኑስ? ሚዛኑ ልክ ነው?» ብሎ ይሄዳል። ጠያቂው የሚፈልገው ዋጋውን አይደለም፤ ፍርዱን ለመስጠት መግቢያ ነው የሚፈልገው።

ጋሽ እገሌን በማግስቱ አገኘኋቸውና 50 ብሩ የት እንደተገኘ በትሕትና ጠየቅኋቸው። «አትክልት ተራ ወረድ ብትል ምናለበት?» አሉኝ። እጃቸው ያመለከተው ወደ ፒያሳ ነው። የፒያሳው አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ወደ ጃን ሜዳ ተዛወረ፤ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ከዚያ ተነሥቶ ላፍቶ፣ ሃይሌ ጋርመንት አካባቢ ሄደ። ይኸው የ50 ብሩ ቲማቲም መቼ እንደተገዛ ገባኝ። ከተማው ዙሪያውን ፈርሶ ሲሠራ፣ ገበያው ከሰፈር ሰፈር ሲሰደድ፣ የጋሽ እገሌ ዋጋ ከቦታው ንቅንቅ አላለም።

እንዲህ ያለው ሰው ብዙ ነው። ሁሉም ሰው ለመጨረሻ ጊዜ ራሱ ገበያ የወጣበትን ቀን ዋጋ እንደ ሕግ ይዞ ይኖራል። «ባለፈው» ይላችኋል። ባለፈው ማለት ትናንትም ሊሆን ይችላል፣ ብር ከመዳከሙም በፊት ሊሆን ይችላል። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አልፎ ሄደ። ከዚያ ወዲህ እኛ ሰፈር በሶብላና ጤና አዳም የምትሸጠው ሴትዮ እንኳን «ዶላር ጨምሮ እኮ ነው» ትለኛለች። ጤና አዳሙ የተቆረጠው ከእናቷ ጓሮ ነው። በሽማግሌዎቹ ደግሞ አትምጡብኝ፤ በእነሱ ዘመን በግ በስንት ብር ይገዛ እንደነበር ሲያወሩ ውለው ያድራሉ፣ ያን ጊዜ ደመወዛቸው ስንት እንደነበር ስጠይቃቸው ግን ጆሯቸው ይደክማል።

ሌላው የሚያንገበግበኝ «ደንበኛዬ» የሚባለው ሰውዬ ነው። በዚህ ከተማ እያንዳንዱ ሰው አንድ የቅቤ ደንበኛ፣ አንድ የበርበሬ ደንበኛ፣ አንድ የልብስ ደንበኛ አለው፤ ለእሱ ብቻ በዋናው የሚሸጥለት፣ ትርፍ የሚባል ነገር የማያውቅ፣ ልጆቹን በምን እንደሚያሳድግ የማይታወቅ ነጋዴ። የማንንም ደንበኛ በአካል አግኝቼ አላውቅም። ስልኩ አይሠራም፤ ሲሠራም ዕቃው ትናንት አልቋል።

ደንበኛን ካነሳሁ ዘንድ የብርድ ልብሱን ነገር ሳልናገር አላልፍም። ዓመታት አልፈዋል፤ እኔ ግን ይቅር አላልኩም። በቀድሞ መሥሪያ ቤቴ አንድ የሒሳብ ሠራተኛ ነበር። ክረምት ሊገባ ሲል ከመርካቶ ብርድ ልብስ ገዝቼ በምሳ ሰዓት ቢሮ ይዤ ብገባ፣ ይህ ሰው ጫፉን በሁለት ጣቱ ያዘና አሻሸው። ዋጋውን ጠየቀኝ። ነገርኩት። ሳቀ። እሱ ብቻ ቢስቅ ምን ነበረበት? ከሌላ ክፍል ሰዎች ጠርቶ ዋጋውን አስነገረኝ። «ለእነሱም ንገራቸው፤ በስንት ገዛኸው?» እያለ። ከዚያም ትከሻዬን አቅፎ፣ ደንበኛው ጋ በግማሽ ዋጋ እንደሚያስገዛኝ ቃል ገባና ዕቃውን መልሰው አለኝ። መርካቶ የተሸጠ ዕቃ ማስመለስ ምን ማለት እንደሆነ የሞከረ ያውቀዋል። ባለሱቁ ለምኜው ለምኜው፣ ከዋጋው ላይ ቆርጦ መለሰልኝ። ሰኔ ላይ ደንበኛው ለዕቃ ዱባይ ሄዷል ተባልኩ። ሐምሌ ላይ ለቅሶ ላይ ነው ተባልኩ። ነሐሴን እኔና ባለቤቴ በጋቢ አሳለፍነው።

በዓመቱ ይኸው ሰው ለልጁ ክርስትና ቤቱ ጠራኝ። አልጋው ላይ ያ ብርድ ልብስ ተነጥፏል፤ ያው ቀለም፣ ያው አበባ። ባለቤቱን ለብቻቸው አገኘሁና በስንት እንደገዙት ጠየቅሁ። ደህና ሴት ናቸው፣ አልደበቁኝም። እኔ ከገዛሁበት በመቶ ብር ይበልጣል። የት እንደተገዛ ስጠይቅ «ኧረ ከዚሁ ከአስፋልቱ ዳር ካለው ሱቅ ነው» አሉኝ። የዚያን ቀን ጠላውን ሁለቴ ነው ያስቀዳሁት፤ እሱም አላካካሰልኝም።

ከተረቶች ሁሉ የምወደው «ቢቸግር ጤፍ ብድር» የሚለውን ነው። ሦስት ቃል ነው፤ የአንድ ቤት ኑሮ ግን ሙሉውን ገብቶበታል። ጤፍ የእህል ሁሉ ደቃቅ ነች፤ አንዲት የስንዴ ፍሬ ለመመዘን 150 ያህል የጤፍ ፍሬ ያስፈልጋል ይባላል። እንግዲህ ከእህል ሁሉ መርጦ የሚበተነውን፣ የሚፈሰውን፣ ሲሰፈር ከቁናው ሥር ሾልኮ የሚቀረውን መበደር ምን ዓይነት ችግር እንደሆነ አስቡት። ተረቱን ያወጣው ሰው ግን አንድ ነገር አልታየውም፤ ጤፍ የሚያበድር ጎረቤት የሚጠፋበት ጊዜ። ልጅ ሳለሁ እናቴ ጣሳ አስይዛ ትልከኝ ነበር፤ ጎረቤታችንም ጣሳውን ሞልተው በላዩ ጨምረው ይሰጡኝ ነበር። ዛሬ ጣሳ ይዤ በር ባንኳኳ ለምጽዋት የመጣሁ ነው የምመስለው። ደግሞስ ማን ጤፍ በቤቱ አለው? እንጀራውን በቁጥር ነው የምንገዛው። የምንገዛው እንጀራም «ንጹሕ ጤፍ ነው» ተብሎ ይማልልናል፤ ሩዙ ከመሃላው ሥር ሆኖ ያየናል። እናቴ ቤት ማኛው ለእንግዳ፣ ሰርገኛው ለቤት ነበር። እኛ ቤት ሰርገኛው የእንግዳ ሆኗል።

ጾም ያድነን ነበር። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ድሮ ሁዳዴ ሲገባ የቤት ወጪ ትንፋሽ ያገኝ ነበር። ሥጋው ቀረ፣ ቅቤው ቀረ፣ ወተቱ ቀረ። አሁን ምስሩና ዘይቱ ተባብረው ከፍስኩ ጋር አስተካክለውናል። የፋሲካው ዶሮም ቢሆን 12 ብልት ሲወጣለት ትንሽ ሆና ትታያለች፤ ከሥሯ የሚቁላላውን ሽንኩርት ዋጋ ሲደምሩት ግን ዶሮዋ ምርቃት ሆና ታርፋለች።

ባለቤቴ የቤቱን ሒሳብ የምትይዝበት ደብተር አላት። ቤት ኪራይ፣ ትምህርት ቤት፣ ትራንስፖርት፣ አስቤዛ፣ ዕድር እያለ በቀይ መስመር ተከፋፍሏል። በመጨረሻው ዓምድ ላይ «ልዩ ልዩ» የሚል አለ። ሰርግ ልዩ ልዩ ነው፤ ለቅሶ ልዩ ልዩ ነው፤ የአጎት ልጅ ምርቃት፣ የቢሮ መዋጮ፣ የተበላሸ ቧንቧ ልዩ ልዩ ነው። ይህ ዓምድ ሌሎቹን አንድ በአንድ ይውጣቸዋል። ጳጉሜን ላይ ደግሞ ደብተሩ ይዘጋል፤ ምክንያቱም ለጳጉሜን የሚሆን ዓምድም ገንዘብም የለም። አገራችን በ13 ወር ፀሐይ ለጎብኚ ስትኩራራ ኖራለች፤ ደመወዝ ግን በ12 ወር ነው። አምስቱን ቀን፣ በአራት ዓመት አንዴ ደግሞ ስድስቱን፣ ሆድ በነፃ እንዲያገለግል ነው የሚጠበቀው። ከዚያ በኋላ ወዲያው እንቁጣጣሽ፣ ወዲያው የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ወዲያው መስቀል።

በሬዲዮ ስለ ቁጠባ የሚመክሩን ባለሙያዎች ይህን ደብተር ቢያዩት ደስ ይለኝ ነበር። ገቢ በእጅ እንደገባ ከሁሉ በፊት ለቁጠባ የሚሆነውን ቀንሱ ይሉናል፤ ምክራቸው ክፉ አይደለም፣ የሚቀነስለት ደመወዝ ላለው። ውጭ ቡና አትጠጡ ይላሉ። ትቻለሁ። በእግር ሂዱ ይላሉ። ጫማ ስንት እንደገባ ጠይቀው ያውቃሉ? የጋሽ እገሌና የእነሱ ነገር እዚህ ላይ ይገጥማል፤ ሁለቱም ችግሩ ያለው እኔ ጋ ነው ብለው ያምናሉ። ደመወዝ ሊጨመር ነው ተብሎ ዜና ሲነገር፣ ገንዘቡ እጃችን ሳይገባ የቤት አከራዩም ባለሱቁም ጭማሪውን ቀድመው ይካፈሉታል፤ ይህን የሚያወግዝ ድምፅ ደረጃው ላይ አልሰማሁም። የምሰማው «አልተከራከርክም ማለት ነው» የሚለውን ነው። የእኛ ሰው የተወደደበትን ነገር ማርከስ አልሆንልህ ሲለው፣ ጎረቤቱ ከእሱ በላይ መበላቱን አይቶ ይጽናናል። እኔ የጋሽ እገሌ መጽናኛ ነኝ። በቲማቲም ብቻ አይደለም፤ በጋዝ ሲሊንደርም፣ በልጆች ደብተርም፣ በቧንቧ ሠራተኛም አጽናንቻቸዋለሁ። አንድ ቀን እንኳን «ይህን ያህል ሆነ? ምን እንሁን?» ቢሉኝ ቲማቲሙን ግማሹን ባካፈልኳቸው።

ወደ ጥያቄው ልመለስና መድኃኒት ልጠቁም ብዬ ነበር። ባለቤቴ መድኃኒቱ ጥቁር ፌስታል ነው ትላለች። ሞክረነዋል፤ «ውስጡ ምንድን ነው? በስንት?» ወደሚል ሁለት ጥያቄ አደገ። እንዲያውም ከዋጋ ጠያቂ የባሰ ሌላ ዓይነት ሰው አለ፤ «ከሰኞ ጀምሮ ይጨምራል» ባይ። ዋጋ ጠያቂው ያለፈውን ያበላሽብሃል፤ ይኸኛው ገና ያልመጣውን። ባለፈው ወር የዕድራችን ስብሰባ ላይ ጸሐፊው ቃለ ጉባኤ ማንበቡን አቋርጦ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ዘይት ከሰኞ ጀምሮ ይጨምራል መባሉን ነገረን። አጀንዳው የድንኳን ኪራይ ነበር። ድንኳኑ ድንኳን ሆኖ ቀረ፤ አንዱ ስልክ ተደወለልኝ አለ፣ ሌላው ውሃ መጣ አለ፣ ሊቀመንበሩ ራሳቸው ኮታቸውን አነሡ። ሱቁ ደጃፍ ስደርስ የሕንጻችን ነዋሪ ግማሹ ባዶ ጀሪካን ይዞ ተሰልፏል። ባለሱቁም ሰልፉን ሲያይ ሰኞን አልጠበቀም፤ እዚያው ጨመረ።