ድንችና ባዶ ቅርጫት

ልጅን ያለ ስልክ ቤት ውስጥ ማዋል ይቻላል የሚል ጽሑፍ አነበብኩ። እውነት ነው፣ በደንብ ይቻላል። እኛ ደብረ ብርሃን ነን። ሐምሌ ላይ ብርዱና ዝናቡ ከቤት አያስወጣም። ልጄ 2 ዓመቷ ነው። ድንች በሰፌድ፣ አጠገቡ ባዶ ቅርጫት አስቀምጥላታለሁ። አንድ በአንድ እያነሳች ትከታለች። ሲሞላ ትገለብጠውና እንደገና ትጀምራለች። ትልቁን ድንች ደግሞ አቅፋ «እሹሩሩ» ትለዋለች! ሽንብራና ባቄላ ግን አደራ፣ ልጅ ያንቃል። የዳቦ ሊጥ ሳቦካም ቆንጠር አድርጌ እሰጣታለሁ፤ ስትደፈጥጥ ትቆያለች። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ በዚህ ዕድሜ ስክሪን በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ባነሰ ቁጥርም እንደሚሻል ይመክራል። እናንተስ በክረምት ልጆቻችሁን በምን ታጫውታላችሁ?