ስክሪንሾቱን ለአለቃው አትላኩ

የጎንደር ልጆች፣ ዛሬ ልወቅሳችሁ ነው። ማን ሾመህ ብትሉኝም ግድ የለኝም። ከዚሁ ከተማ ነኝ፤ የምወቅሰውም በዓይኔ ያየሁትን ነው።

ሰው በፖለቲካ ሐሳቡ ከሥራ እንዲባረር ማድረጋችሁን ተዉ። አዎ፣ እናንተ ናችሁ የምታደርጉት። «አባራሪው አለቃው ነው እንጂ እኛ ምን አደረግን?» ትሉ ይሆናል። አለቃው ግን የሠራተኛውን ፌስቡክ ሲያገላብጥ አይውልም፤ እሱ ያለበት ጭንቅ የገበያው ነው። ስክሪንሾቱን በቴሌግራም የሚልክለት ከእናንተ አንዱ ነው። በቀይ የተከበበች አንዲት መስመር፣ ከሥሯ የመሥሪያ ቤቱ ስም፣ ከዚያ «እንዲህ ያለውን ነው እንዴ የምታሠሩት? ሼር አድርጉት» የምትል ማሳሰቢያ። አመሻሹ ላይ ፒያሳ ማኪያቶ ይዞ የተቀመጠው ሁሉ አይቶታል። በማግስቱ ጧት ልጁ ቢሮ ይጠራል። (ኢንተርኔቱ ተዘግቶ በከረመበት ጊዜ አንድ ደግ ነገር ቢኖር ስክሪንሾት አለመኖሩ ነበር።)

እንዲህ የተባረረ አንድ ልጅ አውቃለሁ። በግል ክሊኒክ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነበር። ደብዳቤውን አሳየኝ። «ጉዳዩ፦ የሥራ ውል ማቋረጥን ይመለከታል» ይላል። ከዚያ ሁለት መስመር ብቻ ነው ያለው፤ የድርጅቱን መልካም ስም አጉድፏል የሚል። ምን ብሎ እንዳጎደፈ አልተጻፈም። ማኅተሙ ግን ጥርት ብሎ ተመትቷል። ልጁ የጻፈው በምሳ ሰዓቱ፣ በራሱ ስልክ፣ የክሊኒኩን ስም እንኳ ሳያነሣ ነው።

ሐሳቡን እኔም አልወደድኩለትም። ስለ ጦርነቱ የጻፈው ነገር የችኮላ ነበር፤ ልጅ ለሞተበት ቤተሰብ ደንታ የለውም። ግን ይሄ ሰው ደም ሲመረምር ተሳስቶ ያውቃል ወይ? ማንም አልጠየቀም። አሁን ክሊራንስና የሥራ ልምድ ማስረጃ እየለመነ ነው። እሱን ካልሰጡት ሌላ ቦታ ማን ይቀጥረዋል? እናቱ ደግሞ ፌስቡክ የላትም። የቤት ኪራይዋ ግን የሚከፈለው በእሱ ደመወዝ ነበር። «የእጁን ነው ያገኘው» ብላችሁ ከሥር የጻፋችሁትን ሁሉ አንብቤዋለሁ።

«የግል ድርጅት ነው፣ ያሻውን ማባረር መብቱ ነው» የምትሉም አላችሁ። ይሄ የአሜሪካ ወሬ ነው። እዚያ የመናገር ነፃነትን የሚጠብቀው የሕገ መንግሥታቸው የመጀመሪያው ማሻሻያ የሚያስረው መንግሥትን ነው፤ የግል አሠሪን አይነካም። ጳጉሜን 2017 የቀኝ ክንፍ ፖለቲካ አቀንቃኙ ቻርሊ ኪርክ ዩታ ውስጥ በጥይት ከተገደለ በኋላ፣ ስለ ሞቱ በጻፉት ነገር ስንት መምህርና ስንት ተቀጣሪ ሥራውን እንዳጣ ሰምታችኋል። ሲባረሩ ካጨበጨቡት ውስጥ ብዙዎቹ፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት «በሐሳባችን እንጀራችንን አሳጡን» እያሉ ሲጮኹ የነበሩ ናቸው። ተራ ደረሳቸውና አሳዳጅ ሆኑ።

የእኛ ሕግ ሌላ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 26 ላይ ሰውን ለማሰናበት በቂ ምክንያት የማይሆኑትን ይዘረዝራል። የፖለቲካ አመለካከት ከብሔር፣ ከጾታና ከሃይማኖት ጋር እዚያ ውስጥ አለ። አዋጁ የግል አሠሪውንም ይይዛል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 29ም ማንም ሰው የመሰለውን አመለካከት ያለ ጣልቃ ገብነት መያዝ እንደሚችል ይናገራል። ወረቀቱና ኑሯችን ለየቅል መሆኑ አልጠፋኝም፤ አትሳቁብኝ። ግን ወረቀቱ ላይ ያለውን እንኳ ስንቶቻችን ጠይቀን እናውቃለን?

«ታዲያ ሕዝብ ይጨፍጨፍ የሚለውስ ዝም ይባል?» አይባልም። ለእሱ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 አለለት። የጥላቻ ንግግር እስከ 2 ዓመት ያሳስራል። ዐቃቤ ሕግ ይከሳል፣ ተከሳሽ ይከራከራል፣ ዳኛ ይፈርዳል። የክሊኒክ ሥራ አስኪያጅ ዳኛ አይደለም። መምህር ክፍል ውስጥ ተማሪውን በብሔሩ ከሰደበ፣ ነርስ «አንተንማ አላክምም» ካለች፣ ያ የሥራ ጥፋት ነውና ይጠየቁ። በራሱ ሰዓት «መንግሥት ተሳሳተ» ወይም «ታጣቂው ተሳሳተ» ያለ ሰው ግን ሥራው ላይ ምን አጠፋ?

ደግሞ ይሄን ነገር ቀምሰነዋል እኮ። ሚያዝያ 1985 ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ40 በላይ መምህራን ባንድ ጊዜ ተባረሩ። ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ አንዱ ነበሩ። ስንት ሐኪም ያስተማሩ ቀዶ ሐኪም! ማስተማር አቃታቸው ያለ ሰው አልነበረም። በዚህ ከተማ ስማቸው ሲነሣ ከንፈሩን የማይመጥ የለም፤ ነገሩንም ሠላሳ ዓመት ስናማርር ኖረናል። ታዲያ ለአሥራት ያዘነ ሰው በላቦራቶሪው ልጅ ላይ ሲሆን ምነው አጨበጨበ? መልሳችሁን አውቀዋለሁ። «እሳቸው እኮ የኛ ናቸው» ነው። እንግዲህ የምቆጣው በዚህች መልስ ነው። የኛ ሲባረር ግፍ፣ የነሱ ሲባረር ፍትሕ የሚሆነው በየትኛው ሚዛን ነው?

አዝማሪ ቤት ስትገቡ እንዲህ አይደላችሁም። ማሲንቆውን ይዞ ፊት ለፊታችሁ ቆሞ ቁመታችሁንም፣ ንፍገታችሁንም፣ ሹማችሁንም ሲሸነቁጥ ትስቃላችሁ። «ተቀበል!» ብላችሁ ግጥም ትሰጡታላችሁ፤ መልሳችሁ ትወጉታላችሁ፤ ብር ትሸልሙታላችሁ። ቃልን በቃል መመለስ የማታውቁ ሰዎች አይደላችሁም። ጨዋታውን ጎንደር ላይ ማን ያስተምራችኋል?

ያተረፍነውን እዩት። በየመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁለት አካውንት ከፍቷል። በስሙ ባለው ላይ የበዓል መልካም ምኞትና የሠርግ ፎቶ ይለጥፋል፤ በውሸት ስም ባለው ላይ የልቡን ይሳደባል። በስሙ የሚናገረውን አባረራችሁት፤ የቀረላችሁ ስም የለሽ ተሳዳቢ ነው። እሱን ደግሞ መክራችሁ አትመልሱት ነገር፣ ማን እንደሆነ አታውቁት።

አሠሪዎች ሆይ፣ እናንተም አታምልጡ። አንድ ስክሪንሾት መጣ ብላችሁ ስትደነግጡ፣ ነገ የሚመጣውን ሁሉ ለመቀበል በራችሁን ከፍታችኋል። ዛሬ ልጁን ያስባረሩት ሰዎች ነገ የእናንተን ዘመድ ስም ይዘው ይመጣሉ።

የልጁ የሥራ ባልደረቦች፣ የመጨረሻው ለእናንተ ነው። ሥራ አስኪያጁ «ፖለቲከኛ አላሠራም» ሲል አጠገቡ ቆማችሁ ሰምታችኋል። ደብዳቤው ላይ ያልተጻፈውን የምታውቁት እናንተ ብቻ ናችሁ። ልጁ ወደ ሥራዬ ልመለስ ብሎ ለመክሰስ ከተሰናበተበት ቀን ጀምሮ ያለው ጊዜ ሦስት ወር ነው፤ ከዚያ ካለፈ በይርጋ ይታገዳል። ክሱን እያስጻፈ ነው። የምስክር ዝርዝሩ ላይ ስማችሁ አለ። ሲደውልላችሁ ስልኩን አንሱለት።